እንቅልፍ ያጡ ሦስት ስልኮች

ሩዪን ከአራተኛ ፎቅ ወደ ሦስተኛው የወረደችው መለኪያ ልትዋስ እንጂ ልቧን ልታውስ አልነበረም።

የጥቅምት ነፋስ የደሴት ከተማዋን የሺንቹን ጎዳናዎች እየጠረገ የሕንጻውን መስኮቶች ያንቀጫቅጫል። በዚያ ሕንጻ አራተኛ ፎቅ ላይ የስልክ ፕሮግራም የሚጽፉት፣ ሦስተኛው ላይ ደግሞ የስልኩን ቦርድ የሚሠሩት ነበሩ። ሁለቱን ፎቆች የሚያገናኘው ደረጃ ሃያ ሁለት እርከን ብቻ ነው። ከዘጠኝ ሳምንት ወዲህ ግን ለጠብ ካልሆነ ማንም አይወጣውም፣ ማንም አይወርደውም።

የጠቡ ምክንያት ለገበያ ሊወጣ የተቃረበ አንድ አዲስ ስልክ ነው። ስልክ ሥራ ሲያጣ መተኛት አለበት። ስክሪኑን ያጠፋል፣ ክፍሎቹን አንድ በአንድ ያሳርፋል፣ ትንፋሹ ብቻ እስኪቀር ይሰበሰባል። በደንብ የተኛ ስልክ ከባትሪው የሚጠጣው ሦስት ሚሊአምፒር ብቻ ነው። ለሙከራ ከተደረደሩት ሃያ ስልኮች ግን ሁልጊዜ ሦስቱ አይተኙም። ማታ ሙሉ የነበሩት ጠዋት ባዷቸውን ይገኛሉ። አራተኛ ፎቅ «ቦርዱ ነው» ይላል፤ ሦስተኛ ፎቅ «ፕሮግራሙ ነው» ይላል።

የሩዪን ሥራ የስልኩን እንቅልፍ መጠበቅ ነበር። እያንዳንዱን የስልክ አካል የሚያነቁትንና የሚያስተኙትን ትንንሽ ፕሮግራሞች፣ እነሱ ድራይቨር የሚሏቸውን፣ እሷና ሦስት ጓደኞቿ ይጽፋሉ። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። እናቷ «ይህች ልጅ ሩዝ ስትበላ እንኳ ፍሬውን ትቆጥራለች» ይሏታል። የማታውቀውን አትናገርም፤ የምታውቀውንም ቢሆን ሳታጣራ ከአፏ አታወጣውም።

በሦስተኛ ፎቅ ጥግ አንድ ወጣት ቦርድ ላይ አጎንብሶ ይበይዳል።

«የኤሌክትሪክ መለኪያውን ፈልጌ ነበር» አለችው።

«ብቻውን አይወጣም» አለ ቀና ሳይል።

«ማለት?»

«ባለፈው ከእናንተ ፎቅ አንዱ ወስዶት ገመዱን በጥሶ መለሰልኝ። ከዚያ ወዲህ መለኪያው ሲወጣ እኔም አብሬው እወጣለሁ።»

«ልጇን ለብቻዋ የማትልክ እናት ትመስላለህ።»

ያኔ ቀና አለ። ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ያዘ። በክንዱ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፉ ቁጥሮች አየች፤ ወረቀት ሲያጣ የለካውን እዚያው ይመዘግባል መሰል። አንዱ ቁጥር «3.5» ይላል። ሩዪን ቁጥሩ ላይ ዓይኗን ተከለች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«በደንብ ተኙ የተባሉት ስልኮች የሚጠጡት። ሦስት መሆን ነበረበት። ግማሽ ሚሊአምፒር አልፏል። ሰው ሁሉ መለኪያህ ተሳስቶ ነው ይለኛል።»

«መለኪያህ ይሳሳታል?»

«አይሳሳትም።»

እሷም ያንኑ ቁጥር በራሷ ደብተር ጽፋ፣ የሚያምናት አጥታ ሰንብታለች። አንድ ሰው ለግማሽ ሚሊአምፒር ሲጨነቅ ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ስሙ ጓንግዮ እንደሆነ፣ አገሩም በደቡብ ያለችው ሜይኖንግ እንደሆነች በዚያው ቀን አወቀች።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ስልኮቹ በሚያድሩበት የሙከራ ክፍል ይገናኙ ጀመር። ክፍሉን የሚያስተዳድሩት እትዬ ቺን ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ምላሳቸው ስለት የሆነ ሴት ናቸው። ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው የሌሊቱን ውጤት ሲያነቡ ያዩና፣ ሁለቱ ኮሪያዎችም በመጨረሻ ይታረቁ ይሆናል ብለው ለራሳቸው ያጉረመርማሉ።

ስልኮቹ ግን አስቸገሩ። ምን እንደነካው ለማወቅ የኮምፒውተር ኬብል ሲሰኩበት ስልኩ ጨርሶ አይተኛም፤ የማይተኛ ስልክ ደግሞ ስለ እንቅልፍ ምንም አይናገርም። ኬብሉን ነቅለው ጠረጴዛ ላይ ሲያስተኙት እንደ ሕፃን ጭልጥ ብሎ ይተኛል። መደርደሪያው ላይ ሲመልሱት ከሃያው ሦስቱ ያምፃሉ፤ ያውም ዛሬ ያመፀው ነገ ጨዋ ይሆናል፣ የትናንቱ ጨዋ ዛሬ ያምፃል።

«ዓይን አፋር ነው» አለ ጓንግዮ አንድ ጠዋት። «ሲያዩት ጭምት።»

ሩዪን ቀና ብላ አየችው። እሱ ቶሎ ብሎ ወደ መለኪያው ዞረ። ትንሽ ቆይቶ ወደ እሷ ሲመለስ ደግሞ እሷ ደብተሯ ላይ አቀርቅራ ነበር።

እንደ ልማዷ መታዘብ ቀጠለች። ሁለት ሰዓት ከአሥር ላይ ይመጣል። የአኩሪ አተር ወተት ሁለት ኩባያ ይዞ ይመጣል፤ የእሷ ስኳር የለበትም፤ ነግራው አታውቅም። እሷ ስትናገር ብየዳውን ያቆማል፣ ሌላ ሰው ሲናገር አያቆምም። እነዚህን ነገሮች የትም አልጻፈቻቸውም። የምትጽፍበት ረድፍ አላገኘችም።

ሰኞ ዕለት የፕሮጀክቱ ኃላፊ ጋሼ ፓን ሁለቱንም ፎቅ ሰብስበው ቁርጡን ተናገሩ። እስከ ሐሙስ ከቀትር በኋላ የፕሮግራም ጥፋት መሆኑ ካልተረጋገጠ ጥፋቱ የቦርዱ ነው። ቦርዱ እንደ አዲስ ይሠራል፤ የቦርዱ ኃላፊ ጓንግዮም ጥፋቱን አምኖ ፈርሞ፣ ባሕር ተሻግሮ ከደሴቲቱ ማዶ ዋናው ምድር ላይ ወዳለው ፋብሪካ ይሄዳል። ቢያንስ ሁለት ዓመት።

ከስብሰባው ሲወጡ ሩዪን ጓንግዮን ደረጃው ላይ ደረሰችበትና ምን እንደሚያስብ ጠየቀችው።

«ለዕድገት ጥሩ ነው ይላሉ» አለ፤ ትከሻውን ነቀነቀ። «ፋብሪካ ያየ ሰው ቶሎ ያድጋል።»

መሄድ ይፈልጋል ማለት ነው፣ ብላ አሰበች። እሱ ደግሞ ፊቷ ላይ ምንም ስላላነበበ፣ ጥፋቱ ከፎቋ ላይ ስለተነሣላት ደስ ብሏታል ብሎ አሰበ። ሁለቱም ሰው አክባሪ ስለነበሩ ሁለቱም ዝም አሉ።

በዚያው ቀን ሩዪን ማንም ያላደረገውን አደረገች። ለዘጠኝ ሳምንት ስልኮቹ ጠዋት ተሰብስበው ማታ እንዳጋጠመ ይደረደሩ ነበር። እሷ እያንዳንዱን ስልክ ቁጥር ሰጠችው፤ የሚተኛበትንም ቦታ ቁጥር ሰጠችው። ማክሰኞ ጠዋት ሲገቡ ያመፁት ሰባተኛው፣ ስምንተኛውና ዘጠነኛው ቦታ ላይ ያደሩት ናቸው። የሰኞው ዓመፀኞች ሌላ ቦታ አድረው እንደ መላእክት ተኝተዋል።

«ስልኩ አይደለም» አለች። «ቦታው ነው።»

ጓንግዮ መደርደሪያውን ዞረው። ሶኬቱን፣ ብረቱን፣ ከኋላ የሚያልፈውን ገመድ መረመረ። ከግድግዳው ለማራቅ ላዩ ላይ ያለውን ሁሉ አውርዶ መደርደሪያውን ወደ ክፍሉ መካከል ገፋው።

ረቡዕ ጠዋት ሃያውም ስልክ ተኝቶ አድሮ ተገኘ።

እትዬ ቺን እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። አንዱ ፎቅ ለሌላው ሊደውል ተሯሯጠ። ሩዪን ብቻ መሐል ላይ ቆማ ፊቷን አጨማደደች። ምክንያቱ ሳይታወቅ የዳነ በሽተኛ ነገ መልሶ ይታመማል ብላ ሁሉንም አስቀመጠቻቸው። ደብተሯን አውጥታ የትናንቱን ሌሊትና የዛሬውን ጎን ለጎን አነበበች፦ ያው ፕሮግራም፣ ያው ባትሪ፣ ያው ሙቀት፣ ያው ሶኬት።

ጓንግዮ ወተቱን ሲያቀብላት እያፈረ ሳቀ። «የሚገርመው እኮ» አለ፣ «ከረጢቱ ወርዶም ጨዋ ሆነው አደሩ።»

ኩባያው ከንፈሯ ላይ ቀረ።

በዚያ አገር መሣሪያ ባለበት ሁሉ የሚደረግ ነገር ነው፦ ስሙ «ጨዋ ሁን» እንደማለት የሆነ የበቆሎ ብስኩት አለ። መሣሪያው እንዳያስቸግር ከረጢቱ ሳይከፈት ላዩ ላይ ይሰቀላል። አረንጓዴ መሆን አለበት፤ መብራቱም አረንጓዴ ሆኖ እንዲቀጥል። ጊዜው ያለፈበት ከሆነ ጦስ ያመጣል። ሆስፒታል ውስጥም፣ ባንክ ውስጥም አይታዋለች። ከልማድ ብዛት ዓይን አያየውም። እሷም የአየሩን ሙቀት ሳይቀር ስትመዘግብ ከረጢቱን አልመዘገበችውም።

«የት ነበር የተሰቀለው?»

«ከላይኛው ጠርዝ ላይ… እዚህ ጋ።» በጣቱ አሳየ። ጣቱ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሄደና ቆመ። ፊቱ ተለዋወጠ። «እኔ ነኝ የሰቀልኩት። ፕሮጀክቱ እዚህ የገባ ቀን። ከዘጠኝ ሳምንት በፊት።»

ሁለቱ ያለ ቃል ተረዳዱ። መደርደሪያውን መለሱት፣ ከረጢቱን ሰቀሉት፣ አንድ ስልክ ከሥሩ አስተኙ፣ መለኪያውን ባትሪው ላይ አገናኙ። ከዚያ ሁለት በርጩማ ስበው ተቀመጡ።

በመለኪያው ስክሪን ላይ አረንጓዴው መስመር ወርዶ ወርዶ ረጋ። አምስት ደቂቃ። አሥር ደቂቃ። ጉልበታቸው ሊነካካ የጣት ስፋት ቀርቶት ነበር፤ አንዳቸውም አላራቁትም፣ አንዳቸውም አላስጠጉትም። ሩዪን ዓይኗ መስመሩ ላይ፣ ጆሮዋ የእሱ ትንፋሽ ላይ ነበር።

የማቀዝቀዣው አየር መንፈስ ሲጀምር የከረጢቱ ብርማ ጠርዝ በቀስታ ተወዛወዘ። መስመሩ ዘለለ። ወረደ። እንደገና ዘለለ።

«ሴንሰሩ» አለች ሩዪን በሹክሹክታ።

ስልኩን ጆሮ ላይ ሲለጥፉት ስክሪኑን የሚያጠፋ ትንሽ ዓይን ከላይ አለ። ከረጢቱ ሲወዛወዝ ያ ዓይን «ሰው ቀረበ፣ ሰው ራቀ» እያለ ስልኩን ሌሊቱን ሙሉ ሺህ ጊዜ ይቀሰቅሰዋል። አሁን ተገለጠ።

ጓንግዮ ግን አልተደሰተም። ሴንሰሩን የመረጠው እሱ ነው። ከሚገባው በላይ ንቁ የሆነ ዕቃ መርጫለሁ፣ ከረጢቱንም የሰቀልኩት እኔው ነኝ፣ አለ። ነገ እንደሚፈርም በተረጋጋ ድምፅ ነገራት። ሩዪን ልትመልስለት ፈለገች፤ ግን ያላረጋገጠችውን መናገር አልለመደችም። ደብተሯን ይዛ ሃያ ሁለቱን እርከን ወጣች።

ያልተመለሰ አንድ ጥያቄ አእምሮዋ ውስጥ ቀርቶ ነበር፦ ስልክ ሲተኛ ያ ዓይን መጨፈን ነበረበት። ለምን ተገልጦ አደረ?

በሌሎች የተጻፉትን ድራይቨሮች በዘጠኝ ሳምንት ውስጥ አንድ በአንድ አንብባቸዋለች። የሴንሰሩን ግን አላነበበችውም። ራሷ የጻፈችው፣ እዚህ ስትቀጠር የመጀመሪያ ሥራዋ የነበረና የተመሰገነችበት ስለሆነ ጠርጥራው አታውቅም። ሐሙስ ከቀትር በኋላ አገኘችው። ጥሪ ሲመጣ ሴንሰሩ ይነቃል። ጥሪው ሲያልቅ እንዲጠፋ ይታዘዛል። ስልኩ በዚያችው ቅጽበት ለመተኛት ከተጣደፈ ግን የማጥፊያው ትእዛዝ ተዘልሎ ይቀራል። በሙከራው ክፍል ደግሞ እያንዳንዱ ስልክ ከመተኛቱ በፊት አንድ ጥሪ ይደረግለታል። ስለዚህ ሃያውም ዓይናቸውን ሳይጨፍኑ ነበር የሚያድሩት። የተረፈው ግማሽ ሚሊአምፒር ያ ነው።

ወንበሯ ላይ ትንሽ ተቀመጠች። ጉንጯ ጋለ። ከዚያ ሰዓቷን አየች፤ ስብሰባው ተጀምሯል።

ስትገባ አሥራ አንድ ሰው ጠረጴዛውን ከቦ ነበር። ጓንግዮ ስለ ሴንሰሩ ነግሯቸው ጨርሷል። ጋሼ ፓን መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሴንሰሩ ያለው የት ነው?»

«ቦርዱ ላይ» አለ ጓንግዮ።

«እንግዲያው ነገሩ አለቀ።» ወረቀቱን ወደ እሱ ገፋ አደረጉት። እሱም እስክሪብቶውን አነሣ። ሩዪንን አላያትም።

«ጋሼ ፓን፣ ወረቀቱን ይመልሱት» አለች ከበሩ ላይ።

ሁሉም ዞረ። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ሰምተዋት አያውቁም።

«ሴንሰሩ የታዘዘውን ነው ያደረገው። ንቃ ተባለ፣ ነቃ። ተኛ የሚለው ግን አልነበረም። ተኛ ማለት የነበረበት ፕሮግራሙ ነው።»

«የማን ፕሮግራም?»

«የእኔ። ማንም አልነካውም። እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።»

ከአራተኛ ፎቅ የመጡት የከተማውን በር ለጠላት የከፈተች ያህል አፈጠጡባት። የጓንግዮ እስክሪብቶ አየር ላይ ቀረ። ጋሼ ፓን አገጫቸውን ሲያሹ ቆዩና፣ ከረጢቱ ካልተሰቀለ ስልኩ ፈተናውን ያልፍ እንደሆነ ጠየቁ። ነገሩ ገብቷቸዋል፤ ቀላሉ መንገድ ያ ነበር።

«ያልፋል» አለች ሩዪን። «ከዚያ ሰው ገዝቶ ኪሱ ይከተዋል። ኪስ ደግሞ ሲራመዱ ይወዛወዛል።»

እትዬ ቺን ብቻ በቀስታ አጨበጨቡ፣ ከዚያ ማንም ስላልተከተላቸው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ። ጋሼ ፓን ወረቀቱን ወደ ራሳቸው ሳቡ፣ አራት ቦታ አጠፉት፣ ኪሳቸው ከተቱት። እስከ ሰኞ ብለው ተነሡ።

ማስተካከያው ሁለት መስመር ነበር። ሩዪን ጻፈችው፤ ከዚያም በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሦስተኛ ፎቅ ሰው ጠርታ እንዲያርማት ለመነች። ጓንግዮ ጎኗ ተቀምጦ ቃል በቃል አነበበው። አንዲት ነጥብ ላይ ጣቱን አኖረ፤ ስህተት መሆኗን በትክክል አይቷል። አረመችው።

እትዬ ቺን ደግሞ ገበያ ወርደው ሃያ አረንጓዴ ከረጢት ገዝተው መጡ። ለእያንዳንዱ ስልክ አንድ ሰቀሉለት፤ ሁለት ማራገቢያም ደገኑበት። «አሁን ይተኛ እንደሆነ እንየው» አሉ።

ሦስት ሌሊት አለፈ። ሰኞ ጠዋት ክፍሉ በሰው ተጨናነቀ፤ ሁለቱም ፎቆች እዚያ ነበሩ። ከረጢቶቹ በማራገቢያው ነፋስ እንደ ባንዲራ ይውለበለባሉ። ጓንግዮ ውጤቱን እየጠራ ሩዪን ትጽፋለች። አንድ፦ ሦስት። ሁለት፦ ሦስት። ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ ላይ ሲደርስ ክፍሉ ትንፋሹን ዋጠ። ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት። ሃያኛው ላይ ድምፁ ተሰበረ፤ «ሦስት ነጥብ ዜሮ» አለ፤ ያ ግማሽ ሚሊአምፒር እንኳ የለም።

ከዚያ የሆነውን ጫጫታ ሩዪን በደንብ አታስታውሰውም። ሰው ይተቃቀፋል፣ አንዱ የሌላውን ፎቅ ሰው በትከሻው ተሸክሞታል፣ እትዬ ቺን ዓይናቸውን በመሐረብ ይጠርጋሉ። ጋሼ ፓን መጥተው ፊቷ ቆሙና ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ሰጧት። ስህተቷን አልጠቀሱም። ከዚያ ጓንግዮን በጣታቸው ጠርተው ወደ ቢሯቸው ይዘውት ገቡ።

ሲመለስ ሰዉ ተበታትኖ፣ ሩዪን ከረጢቶቹን እያወረደች ነበር።

«ፋብሪካው አሁንም ሰው ይፈልጋል አሉኝ» አለ። «አሁን ቅጣት አይደለም። ሹመት ነው። እስከ ምሳ ሰዓት መልስ ስጠኝ ብለዋል።»

በእጇ ያለው ከረጢት ኮሽ አለ።

«ትፈልገው የለም እንዴ» አለች ሳታየው። «ለዕድገት ጥሩ ነው ብለሃል።»

«ያን ጊዜ ታዲያ ምን ልበል? ደረጃ ላይ ቆሜ አልፈልግም ብዬ ባለቅስልሽ ጥሩ ነበር?»

«ጥሩ ነበር።»

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ሳቁ ቀስ ብሎ ከፊቱ ጠፋ። ውጭ ነፋሱ መስኮቱን ገፋ፣ ተወው።

«ሩዪን፣ አንቺ ምን ትያለሽ?»

ልትመልስ አፏን ከፈተች፤ እንደ ልማዷ ምክንያቶቹ ተሰልፈው መጡላት፦ ለአዲሱ ቦርድ ማን አለ፣ መለኪያውን ማን ይይዘዋል፣ እናትህ በሜይኖንግ ብቻቸውን ናቸው። ሁሉም እውነት ነበሩ። አንዳቸውም ግን እውነቱ አልነበሩም።

«አትሂድ» አለች። «ለፕሮጀክቱ አይደለም። ለእኔ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ከአሥር ሲሆን በሩን ማየት ለምጃለሁ። ሁለት ዓመት ባዶ በር ማየት አልችልም። አትሂድ።»

ጓንግዮ ከረጢቱን ከእጇ ወስዶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። እጇን ግን አልመለሰላትም። ለረጅም ጊዜ እንዲሁ ቆሙ፤ አሁን አንዳቸውም ዓይናቸውን አላሸሹም። ከዚያ «መጣሁ» ብሎ ወጣ።

ጋሼ ፓን ቢሮ የቆየው አራት ደቂቃ ነው። ሲወጣ ጆሮው ቀልቷል።

«ሌላ ሰው ይላኩ አልኳቸው።»

«ምክንያቱን አልጠየቁህም?»

«ጠየቁኝ። አራተኛ ፎቅ ላይ ነው አልኳቸው።»

«እሳቸውስ?»

«‹ታዲያ ዘጠኝ ሳምንት ሙሉ በስልክ እያሳበባችሁ ያደከማችሁን ለዚህ ነው?› አሉኝ።»

ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር። ከዘጠኝ ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱ ፎቆች አብረው ሊበሉ ሊፍት ውስጥ ተጣበው ገቡ። እትዬ ቺን የት እንደሚበላ ይከራከራሉ፤ የሩዝ ኑድል ካልሆነ አልሄድም ይላሉ። ሩዪንና ጓንግዮ ከኋላ ግድግዳው ጋ ተጣብቀው ቆመዋል። ከፊታቸው የነበረው ወጣት ዕቃ ሊያነሣ ጎንበስ ሲል የተያያዘውን እጃቸውን አየ፤ ጎኑ ያለውን ጎሸመው፤ ያኛውም ሌላውን። ሊፍቱ ቀስ በቀስ ጸጥ አለ። የእትዬ ቺን ድምፅ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ እሳቸውም ዞር ብለው አዩና ስለ ኑድሉ መከራከራቸውን ተዉ።

«እንግዲህ ቦታውን እነሱ ይምረጡ» አሉ። «ዛሬ ድግሱ የነሱ ነው።»

ሩዪን ፊቷ ቀላ። ወትሮ ቢሆን እጇን ትስብ ነበር። አሁን ግን ጣቶቿን በጣቶቹ መሐል አጠበቀችና፣ የሩዝ ኑድሉ ይሁን፣ አለች። በሩ ተከፈተ፤ ነፋሱ ተቀበላቸው፤ ሁለቱ ከፊት ሆነው ወጡ፣ ሌላው ሁሉ እየተሳሳቀ ተከተላቸው።